የመንገዱ መብራት የማን ነው?

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ሠሪ እንጂ ስለ ጠጋኝ እምብዛም አይጽፉም። ቤተ መንግሥቱን ማን እንዳሠራው፣ ድልድዩን ማን መርቆ እንደ ከፈተው፣ ባቡሩ በየትኛው ዓመት እንደ ገባ ተጽፎ ይገኛል፤ ድልድዩ ሲሰነጠቅ ሲሚንቶ ይዞ የወረደውን፣ ቦዩ ሲደፈን አካፋ ይዞ ጭቃ ውስጥ የገባውን የቀን ሠራተኛ ግን የሚያነሣው የለም። በየአደባባዩ በእብነ በረድ ላይ የተቀረጸው ስም የመራቂው ስም ነው። በዚህም ምክንያት ታሪክ የሚማር ልጅ ሀገር የሚቆመው በመሥራት ብቻ ይመስለዋል።

ስለዚህ ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፣ የምጽፍላችሁ ታሪክ ጦርነትና ዘውድ የበዛበት አይደለም። የመንገድ መብራት፣ የዝናብ ውሃ መሄጃ ቦይ፣ የቦኖ ውሃና የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ታሪክ ነው። ይልቁንም እነዚህ ነገሮች በተበላሹ ጊዜ ነዋሪው ለማን አቤት ይል እንደ ነበር የሚናገር ታሪክ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን አንድ ከተማ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ካርታውን ከሚመረምር ይልቅ፣ ቧንቧ ሲሰበር ነዋሪው በማን በር እንደሚቆም ቢጠይቅ ቶሎ ይገባዋል።

ለምሳሌ የምወስደው አዳማን ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በኮረብቶች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ስሟ ቁልቋልን ከሚጠራው የኦሮምኛ ቃል እንደ መጣ ይነገራል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ በ1992 ዓ.ም. የቀድሞ ስሟ ተመለሰላት፤ ሽማግሌዎች ግን እስከ ዛሬ በሁለቱም ይጠሯታል። መሬቷ አሸዋማና ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ስለ ሆነ ጎርፍ ሲነካው ቶሎ ይሸረሸራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከኮረብታው የሚወርደው ውሃ የተዘጋጀለት ቦይ ካላገኘ መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የተሠራ ከተማ በየዓመቱ ካልተጠገነ እንደማይቆይ ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

አዳማን ለከተማነት ያበቃት የባቡር ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሥራው ለጥቂት ዓመታት ከቆመ በኋላ በሌላ ኩባንያ እጅ ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አዳማ፣ ሞጆና ቢሾፍቱ በዚህ ሐዲድ ላይ የሚገኙ ጣቢያዎች ሆኑ። ባቡር ያቋቋመው ከተማ እንዴት ያለ እንደ ነበር በጉልህ የሚታየው ግን በድሬዳዋ ነው። ኩባንያው ከዚራ የተባለውን ሠፈር ቀጥ ባሉ መንገዶችና በጥላ ዛፎች አሳምሮ ሠራው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ እንደ ነዋሪው ዐቅም በራሱ አደገ። በከዚራ የኩባንያው ሠራተኛ ቧንቧ ቢበላሽበት የሚሄድበት በር ነበረው፤ ለቧንቧው የሚጠየቅ አንድ የታወቀ አካል ነበርና። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሕዝብ ግን የጉድጓዱን ውሃ ይቀዳል፤ ጨለማውንም በፋኖስ ይገፋል፤ አቤት የሚልበት በር አልነበረውም። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ለወንዙ ዳር ተጠያቂ ሆኖ የኖረው ማን እንደ ነበር በዚያ ሌሊት መጠየቅ ዋጋ አልነበረውም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት ከተሞች የሚተዳደሩበት ሕግ አስፈለገውና በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ወጣ። መንገድ፣ ውሃ፣ መብራትና ንጽሕና የማዘጋጃ ቤት ሥራ ሆኑ። ምክር ቤትም ተፈቀደ። ነገር ግን ነዋሪውን ወክሎ በዚያ ምክር ቤት ለመቀመጥ በከተማው ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር፤ ሹሙም ከላይ የሚሾም እንጂ ከታች የሚመረጥ አልነበረም። እንግዲህ በገበያ ግብሩን የሚከፍል፣ በጨለማው መንገድ ማታ የሚመለስ፣ ከቦኖው ውሃ የሚቀዳ ተከራይ፣ ቁጥሩ ከሁሉ የበዛ ቢሆንም፣ ወንበር አልነበረውም።

ወንበር የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? አቤት ይላል። አቤቱታ በሀገራችን የቆየ ነገር ነው። ባለጉዳይ በንጉሥ መንገድ ላይ ቆሞ አቤት ማለት፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ በመኪና ፊት መውደቅ አባቶቻችን የሚያውቁት ሥርዓት ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ተገዢዎች በደንቡ የተጻፈ አቤቱታ ለመንግሥት እንዲያቀርቡ ፈቀደ፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ደግሞ ማንም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ ማቅረብ እንዲችል ደነገገ። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ በጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙባቸው ቃላት ከዚያ ዘመን የተወረሱ ናቸው፤ እግር ላይ መውደቅ፣ ምሕረት፣ ርኅራኄ፣ የመሳሰለው ሁሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሥር ያለው ከዚህ ነውና። አቤቱታው ወደ ላይ ወጥቶ መልስ ባገኘ ጊዜ መልሱ ችሮታ ይባላል። ንጉሡ ለከተማው ውሃ ሰጡ፤ መብራት ሰጡ፤ ተመሰገኑ። ነገር ግን ችሮታ ጥገና የለውም። ስጦታ የተቀበለ ሰው ስጦታው ሲሰበር ሰጪውን «አድስልኝ» ብሎ አይጠይቅም፤ ያሳፍረዋል፤ የሰጠውም ሰው አንድ ጊዜ ሰጥቷልና ግዴታው ያለቀ ይመስለዋል። በዚህ ላይ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ምሳሌ ተጨመረበት። ሰማይ የማይታረስ ከሆነ ከሰማይ የወረደው ቧንቧም አይከሰስም ማለት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም የሾመውን ስለሚፈራ እንጂ የከተማውን ነዋሪ ስለማይፈራ፣ መንገዱ የሚጠረገው፣ ዛፉ ኖራ የሚቀባው፣ አምፖሉም የሚለወጠው ትልቅ ሰው ያልፋል በተባለ ዋዜማ ሆነ። ይህን ልማድ ከዚያ ዘመን በኋላ የመጡት መንግሥታትም እንዳልተዉት አንባቢ ሁሉ ከራሱ ከተማ ያውቀዋል።

ስለ መብራት ካነሣን የአዳማን ያህል የሚያስደንቅ ታሪክ ያለው ከተማ ጥቂት ነው። ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። 43 ሺህ ኪሎ ዋት የማመንጨት ኃይል ነበረው። ከከተማው ብዙም በማይርቀው በአዋሽ ላይ የመነጨው ይህ ኃይል በሽቦ ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2004 ዓ.ም. በአዳማ ዙሪያ ባሉ ኮረብቶች ላይ 34 የነፋስ ተርባይኖች፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች 102 ተርባይኖች ተተከሉ፤ ሁለቱ ጣቢያዎች በአንድነት 204 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ቆቃ በጀመረበት ዘመን ከነበረው ኃይል አምስት እጥፍ የሚጠጋ መሆኑ ነው። እንግዲህ ማታ በከተማው ውስጥ ባለ አንድ የውስጥ መንገድ ላይ ቆማችሁ ወደ ኮረብታው ብትመለከቱ ተርባይኖቹ ይዞራሉ፤ በራሳችሁ ላይ ያለው ምሰሶ ግን አምፖሉ ከተቃጠለ ወራት አልፎታል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ምክንያቱ የኃይል ማነስ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምሰሶው የአንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ አምፖሉ የሌላ ነው፤ ለመንገዱ የሚያስበው ሦስተኛ ነው። ሦስት ባለቤት ያለው ነገር ሲጠፋ ባለቤት ከሌለው ነገር በምን ይለያል? ባለቤት የሌለውስ ቢሆን ከሠፈሩ አንድ ደፋር ሰው መሰላል አቁሞ ያስተካክለው ነበር። አሁን ግን መሰላል ቢያቆም ጥፋተኛው እሱ ይሆናል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የቤት ኪራይም እንደ መጠኑ ከመቶ 15 እስከ 50 ተቀነሰ። በዚያው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለት ቀበሌ፣ ተቋቋመ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ቀበሌው እንዲያስተዳድርና በገንዘቡ ሠፈሩን እንዲያለማ ሥልጣን ተሰጠው። እኔ በዚያን ጊዜ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርሁ። ወንበር ያልነበረው ተከራይ ለመጀመሪያ ጊዜ በስብሰባ ላይ እጁን አወጣ። በየከተማው ቀበሌዎች የጋራ መጸዳጃ ቤት ሠሩ፤ ቦይ አስቆፈሩ፤ ለቦኖው ጠባቂ ቀጥረው ቁልፍ አስያዙት። አንዲት የቦኖ ጠባቂ ሴት ትዝ ትለኛለች። በየጀሪካኑ ሳንቲም እየተቀበለች በጨርቅ ትቋጥር ነበር፤ የቧንቧው አፍ ሲላላ ቀበሌ ሄዳ እስኪጠገን ድረስ ከበር አትነሣም። ለቧንቧው የምትጮኸው እንጀራዋ ስለ ሆነ ነው፤ ይህም ጥሩ ምክንያት ነው።

ይህን በጎ ነገር የምናገረው የዘመኑን ክፋት ረስቼ አይደለም። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌ የሚያስፈራ ስም ሆነ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ቦዩ ተደፍኗል፤ ገንዘቡ የት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ሰውን ከጠላት ወገን ሊያስቆጥረው ይችል ነበር። ሰው ዝም አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም የሚለውን ተረት ሁሉም አጥብቆ ያዘ። በሌላ በኩል የተቀነሰው ኪራይ ለብዙ ዓመታት ባለበት ሲቆም ዋጋ ግን እየጨመረ ሄደ፤ በኪራዩ ጣሪያ የሚለወጥበት ቆርቆሮ መግዛት እንኳ የማይቻልበት ጊዜ መጣ። ሠፈሩን ያለማል የተባለው ገንዘብ አለቀ፤ የሚጠይቀውም አፍ ተዘጋ። ቦኖውና መጸዳጃ ቤቱ በአንድ ጊዜ ገንዘቡንም ጩኸቱንም አጡ። ከሁለቱ የትኛው ማጣት ይከፋ እንደ ነበር ስጠየቅ ጩኸቱን ማጣት ነው እላለሁ፤ ገንዘብ ባለባቸው ዓመታትም ዝም የተባለበት ሠፈር አልተጠገነምና።

ይህ የኛ ሀገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የሩቅ ሀገር ታሪክ ልንገራችሁ። ዛሬ ሰው ሁሉ ንጽሕናዋን የሚያደንቃት ለንደን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1849 እጅግ የቆሸሸች ከተማ ነበረች። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር መጀመሪያ ሴንት ጃይልስ በተባለው የድኾች ሠፈር የሚኖሩ 54 ሰዎች በአንድነት ሆነው ታይምስ ለተባለው ጋዜጣ ደብዳቤ ላኩ። ጋዜጣውም እንዳለ አተመው። ፊደሉ የተሳሳተ፣ ሰዋስው የሌለው፣ ነገር ግን ሐሳቡ እንደ ውሃ የጠራ ደብዳቤ ነበር። መጸዳጃ ቤት እንደሌላቸው፣ የቆሻሻ መጣያ እንደሌላቸው፣ ውሃና ቦይ እንደሌላቸው፣ ኮሌራ ከመጣ እግዚአብሔር ብቻ እንደሚረዳቸው ነገሩ። ምጽዋት አልለመኑም፤ ያጡትን በስሙ እየጠሩ ቆጠሩ እንጂ። ኮሌራው ያን ጊዜ ለንደን ገብቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1848 እና በ1849 ከ14 ሺህ በላይ የለንደን ሰዎችን ገደለ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1854፣ ኮሌራ እንደገና ተነሣ። ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ ዙሪያ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ቤት ለቤት እየዞረ የሞቱት ከየት ይቀዱ እንደ ነበር ጠየቀ። ነገሩ ሁሉ በመንገዱ ላይ ወዳለው አንድ የሕዝብ የውሃ መሳቢያ አመለከተ። ስኖው የሠፈሩን ጉዳይ በሚመለከተው ጉባኤ ፊት ቀርቦ አስረዳ፤ በማግሥቱ መስከረም 8 ቀን እ.ኤ.አ. የመሳቢያው እጀታ ተነቀለ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው ሠፈሩን ጥሎ ሸሽቶ ስለ ነበር በሽታው አስቀድሞ መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ስኖው ራሱም ይህን አልደበቀም። ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ሌላው ነው። ስኖው የሚሄድበት በር ነበረው። ትንሽ፣ የሠፈር፣ በማግሥቱ እጀታ ማስነቀል የሚችል በር።

ታላላቆቹ ሰዎች የነቁት ግን ከዚያም በኋላ ነው። በ1858 በጋ የቴምስ ወንዝ ግማት በወንዙ ዳር በተሠራው የፓርላማ ቤት መስኮቶች ገባ። ያን ጊዜ ለከተማው የፍሳሽ ማስወገጃ የሚሆነው ሕግ ወዲያው ወጣ፤ ባዛልጌት የተባለውም መሐንዲስ ታላላቆቹን የመሬት ውስጥ ቦዮች ሠራ። ድኾቹ ከጻፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። እንግዲህ በእንግሊዝ አገርም ሽታው ከአፍንጫ ወደ አፍንጫ ለመድረስ ያን ያህል ዓመት ይፈጅ ነበር ማለት ነው።

ኮሌራ ለኛ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. በኦሮሚያ ባሌ ውስጥ የተነሣው ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቶ ከዓመት በላይ ቆይቷል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ ከኮሌራ ይልቅ ዝም ብሎ የሚሠራ ሌላ ነገር አለ፤ ፍሎራይድ ይባላል። የሸለቆው ዐለት ከእሳተ ገሞራ የመጣ ስለ ሆነ ከጥልቅ ጉድጓድ በሚወጣው ውሃ ውስጥ ይህ ንጥረ ነገር በብዙ ቦታ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚያ በላይ ሲሆን የልጁን ጥርስ ያጠይማል፤ እጅግ ሲበዛና ብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንትን ያደነድናል፤ ጀርባን ያጎብጣል። በወንጂ የስኳር እርሻ፣ ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በኖሩት ሠራተኞች ላይ ይህ ጉዳት ታይቶ ሐኪሞች መርምረው ጽፈውበታል። አዳማ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ውሃ እንድትጠጣ የተደረገበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ በዚህ ሸለቆ ውስጥ የተጣራ ውሃ የሚሰጥ ቦኖ ተሰብሮ ስድስት ወር ቢቆይ፣ «ሌላ ቦታ ሄደው ይቀዳሉ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሌላው ቦታ ያ ጉድጓድ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው፣ ጉዳቱ ዛሬ አይታይም፤ የልጁ ሁለተኛ ጥርስ ሲወጣ ይታያል።

በአሁኑ ዘመን የሕጉ መልክ ተለውጧል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ሹሙም ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። በ1992 ዓ.ም. የእንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211 ተቋቋመ፤ የኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 65 ለከተሞች ምክር ቤትና ከንቲባ ሰጠ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክ ገንዘብ በተሠራው የከተሞች ልማት ፕሮጀክት አዳማን ከመሰሉ ከተሞች ያላቸውን መንገድና ቦይ መዝግበው የጥገና ዕቅድ እንዲያወጡ ይጠየቅ ነበር፤ የኮብልስቶን መንገዶች የበዙትም በዚያ ዘመን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞች ወርዶ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ መብራትና መጸዳጃ ቤት እየተሠራ ነው። ቤቱ የፈረሰበት ሰው በዚህ ጉዳይ የራሱ አቤቱታ አለው፤ እሱን ለብቻው ማንሣት ይገባል። እኔ የምጠይቀው አዲሱ አምፖል በአሥረኛው ዓመት ሲቃጠል የማን ስም እንደሚጠራ ነው። የምርቃቱ ፎቶግራፍ ለዚህ መልስ አይሰጥም።

ደግሞም ነዋሪው ንጹሕ ነው ብዬ አልደብቅላችሁም። የቦዩን የብረት ክዳን በሌሊት ነቅሎ ለቁራሌው የሚሸጥ፣ ፌስታሉን በቦዩ ውስጥ የሚጥል፣ መብራቱን በድንጋይ የሚመታ ልጅ ከነዋሪው ወገን ነው። ነገር ግን ይህን ምክንያት አድርጎ «ሕዝቡ ራሱ ነው የሚያበላሸው» የሚል ሹም መልስ የሰጠ አይምሰለው። የተነቀለው ክዳን በማግሥቱ የሚተካበት ሠፈር፣ ጠባቂ እንዳለው ያሳያልና ክዳኑም ቶሎ አይነቀልም። ዓመት ሙሉ አፉን ከፍቶ የቆየ ቦይ ግን ቆሻሻ መጣያ ነኝ ብሎ የሚጠራ ነው።

አሁን ስለ አንድ ቦኖ ልናገር። ከተማው ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች አንዱ ነው፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። አራት አፍ የነበረው ቦኖ ሁለቱ አፎቹ ተሰበሩ፤ ቀጥሎም ሁሉም ቆመ። ሴቶችና ልጆች ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ጉድጓዱ ተመለሱ። ዕድሩ ገንዘብ አዋጥቶ በጃንጥላ ሥር ከተቀመጡት ጸሐፊዎች አንዱን ደብዳቤ አስጻፈ። ደብዳቤው ያማረ ነበር፤ በአባታዊ ርኅራኄያችሁ ተመልክታችሁ የሚል ቃል ሦስት ጊዜ አለበት። በመጀመሪያው መሥሪያ ቤት «ቧንቧው የኛ ነው፤ ቦኖው ግን የቀበሌ ነው» ተባለ። በሁለተኛው «ቦኖው የኛ ነው፤ ውሃው ግን የነሱ ነው» ተባለ። ደብዳቤው በሁለቱ መካከል ሁለት ወር ተመላለሰ።

በኋላ የዕድሩ ዳኛና ጥቂት ጎረቤቶች ወደ እኔ መጡና ሌላ ደብዳቤ ጻፍን። ርኅራኄ የሚለው ቃል አልገባበትም። ውሃው የቆመበትን ቀን ጻፍን፤ ከቦኖው የሚቀዱትን ቤቶች ዞረን ቆጠርን፤ ወደ ጉድጓዱ ያለውን ርቀት በእርምጃ ለካን፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሄድንበትን ቀንና የተሰጠንን መልስ አሰፈርን። ለሁለቱም መሥሪያ ቤቶች በአንድ ቀን ላክን፤ ግልባጩንም ለምክር ቤቱ። ከመጨረሻው መስመር በታች ከኛ ውስጥ ማን በየሳምንቱ እየመጣ እንደሚጠይቅ ስሙን ጻፍንለት። ሳነብላቸው ሲሰሙ የነበሩ አንዲት እናት «መምህር፣ ደብዳቤውስ ደርቆብኛል፤ ምነው ጥቂት ብትለምንበት?» አሉኝ። «እማማ፣ የተከፈለበት ውሃ ነው፤ አይለመንም» አልኋቸው። አልተዋጠላቸውም፤ ፈርመዋል ግን።

ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ቀን ሰው ላኩ። በቦኖው አጠገብ ቆመው ሲከራከሩ ሰማናቸው፤ ክርክሩ በወረቀት ሳይሆን በሕዝብ ፊት ስለ ሆነ አጠረ። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት አፎች ውሃ ሰጡ፤ ሌሎቹ ሁለቱ መለዋወጫ ይጠብቃሉ ተባለ። በሚያዝያ አንዱ እንደገና ቆመ። ሰኞ የሚሄደው ሰው ሰኞ ሄደ። የደብዳቤው ግልባጭ በዕድሩ ሣጥን ውስጥ፣ ከድንኳኑ ደረሰኝ ጋር ተቀምጧል፤ ቀኑና የተቆጠሩት ቤቶች ብዛት እየተለወጠ እስካሁን ሦስት ጊዜ ወጥቷል። ያ መለዋወጫ ገና አልመጣም።